ቢሮ ያልዋለ ሱሪ

ልጅ ሆኜ ደራሲ ማለት ልብስ አጣቢ ይመስለኝ ነበር። አትሳቁብኝ። የማውቃት ደራሲ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ታላቅ እህቴ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ደግሞ ድርሰቷን የምትደርሰው ውትርን ወንዝ ዳር፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ የሰው ሸሚዝ እያሸች ነበር። ዛሬ በተራዬ መጻሕፍት አሳትሜ አንባቢዎች «ታሪኮቹን ከየት ነው የምታመጫቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ንባብና ስለ ምናብ ረጅም ነገር አወራለሁ። ሰዉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እያወራሁ ግን ልቤ ደብረ ማርቆስ ነው፤ አፍንጫዬ ውስጥ የደረቅ ሳሙና ሽታ ይመጣል።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን ያሳደገችን የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ነው። ደንበኞቿ ያላገቡ መምህራን፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ አልፎ አልፎም ባለትዳሮች ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ቤት ቀርታ ካውያዋን ስታግል፣ እኔና ትርንጎ ሳፋና ዘንቢል ተሸክመን ወደ ወንዝ እንወርዳለን። እኔ ትርንጎ ብዬ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት። የማርቆስን የጠዋት ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውሃው ጣት ይቆረጥማል። የባሕር ዛፉ ሽታ ከሳሙናው ጋር ተደባልቆ ደረት ድረስ ይገባል። እኔ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ ማልቀስ ሲዳዳኝ እታለም ታሪክ ትጀምርልኛለች፤ ብርዱም ይረሳል።

አሠራሯ የራሷ ነበር። ልብሱን ውሃ ከመንካቱ በፊት ገልብጣ ታየዋለች፤ ኮሌታውን፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ ኪሱን፣ ጉልበቱን። አንድ ጊዜ የተቀረጠፈ የሸሚዝ ቁልፍ አሳየችኝና ይሄ ሰው ሲጨነቅ ጥፍሩን ሳይሆን ቁልፉን ነው የሚበላው አለችኝ። ምን አስጨንቆት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «እርቦት ነዋ!» ብያት እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ እያሸች ለሰውዬው እናት ታወጣለታለች፣ የሚወዳት ሴት ታመጣለታለች፣ የተጣላውን ወንድም ትጨምርለታለች። ያወራችው ነገር ካልጣማት ልብሱን እንደገና ሳሙና ታስነካውና ታሪኩንም ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች። ባለልብሱ እንዳይታወቅ ስሙን ትቀይራለች፣ ሥራውን ትቀይራለች፣ አገሩንም ትቀይርና መርጡለ ማርያም ትወስደዋለች። መርጡለ ማርያምን አይታት አታውቅም። ልብሱ ተጨምቆ ቁጥቋጦው ላይ ሲሰጣ ታሪኩም አለቀ ማለት ነው፤ ማታ ቤት ስንገባ በወረቀት ትገለብጠዋለች።

የእኔ ዘመን ልጆች ሚኒ ሚዲያን ታስታውሳላችሁ። ያ በአሮጌ ሞንታርቦ የሚንጫጫ፣ ከዜናው ጩኸቱ የሚበልጥ የትምህርት ቤት ሬዲዮ። እታለም አሥረኛ ክፍል ስትሆን የአማርኛ አስተማሪዋ መምህር ስማቸው ድርሰቷን አነበቡና ዓርብ ዓርብ በረፍት ሰዓት ተከታታይ ታሪክ እንድታቀርብ ፈቀዱላት። የእኔ ትምህርት ቤት ከእሷ ጋር አጥር ይጋራ ስለነበር ዓርብ ሲደርስ ከጓደኞቼ ጋር አጥሩ ላይ እንለጠፋለን። ድምፅዋ በሞንታርቦ ሲወጣ የእኛ ቤት ልጅ አትመስልም። መንገድ ላይ ያሉት ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን ያቆማሉ፤ ጎመን ሻጮቹ ዋጋ ሲጠየቁ «ቆይ እስቲ፣ ልስማበት» ይላሉ። እኔ ደግሞ ታሪኩን ቅዳሜ ቀድሜ ስለሰማሁ ሳምንቱን ሙሉ በጉራ አልቻልም ነበር። መምህር ስማቸው እናቴን መንገድ ላይ አስቁመው «ይችን ልጅ አደራ፣ ትልቅ ደራሲ ትሆናለች» ማለታቸውን እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረች። እታለምም ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መሆን አልፈለገችም።

ከደንበኞቻችን አንዱ አቶ ሙላት የሚባሉ የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የኔዓለምን ሳሙና እጃቸውን ስለሚቆጣቸው ልብሳቸው እኛ ጋ ይመጣል። የአቶ ሙላት ሸሚዝ የቀኝ እጅጌው ሁልጊዜ የማህተም ቀለም ይነካዋል፤ ወይን ጠጅ ቀለሙን ለማስለቀቅ እናቴ ሎሚ ታሽበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ያ ቀለም የለም። በሚቀጥለውም የለም። በምትኩ ሱሪያቸው መቀመጫው ላይ ሣር አረንጓዴ አድርጎታል፣ ኮታቸው ጀርባ ላይ የባሕር ዛፍ ሙጫ ተጣብቋል። እታለም ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ሱሪ ቢሮ አልዋለም» አለች።

ይቺን ያህል ነው የምታውቀው። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ምስክር ነኝ፤ ማንም ምንም አልነገራትም። ከዚች ሱሪ ተነስታ ገበየሁ የሚባል የመርጡለ ማርያም ጸሐፊ ፈጠረች። ገበየሁ ከሥራው ተባሯል፤ ለሚስቱ መንገር ግን ሞት ሆኖበታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱ የቋጠረችለትን ምሳ ይዞ ይወጣና ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይውላል። ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲገባ እሱም ልብሱን አራግፎ ይገባል። ሚስቱ ሥራ እንዴት ዋለ ስትለው በሌለ ቢሮ ስላሉ የሌሉ ሰዎች ያወራላታል።

ከተማው በገበየሁ አበደ ብል ማጋነን አይሆንም። ጋሪ ነጂዎቹ ይንገራት አይንገራት እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። መምህር ስማቸው ታሪኩን አዲስ አበባ ለውድድር እንልከዋለን አሉ። እታለም መጨረሻውን ወንዝ ዳር ነግራኛለች። አንድ ቀን ገበየሁ ምሳውን ሳይከፍት በእኩለ ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁሉንም ይነግራታል፤ ሚስቱ ታዳምጠውና ምሳውን ሁለት ሰሃን ላይ ትከፍለዋለች። «ብላ»፣ «ብይ» ሲባባሉ አለቀስኩ። እሷም ማልቀሴን አይታ ልክ ነው ማለት ነው ብላ ደስ አላት። ያ ክፍል የሚነበበው በሚመጣው ዓርብ ነበር።

ከዓርብ በፊት ወይዘሮ የኔዓለም ቤታችን መጡ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ታሪኩን እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ ሲሰሙ ነበር የከረሙት። መጀመሪያ ለሚስቲቱ አዝነው፣ ለጎረቤት ሳይቀር ተርከው ነበር አሉ። በኋላ ግን የምሳው ነገር፣ የማራገፉ ነገር፣ ባላቸው በቢሮ ወሬ የሚደናቀፉት ነገር ሆዳቸው ገባ። ሰኞ ጠዋት ከኋላ ከኋላ ተከተሏቸው። አቶ ሙላት ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ቀና ሲሉ ሚስታቸውን አዩ። ጫማቸውን አጠለቁና ቁልቁል ሄዱ፤ ማታ ቤት አልገቡም፤ በማግስቱም አልገቡም።

ወይዘሮ የኔዓለም ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። አልቀመጥም ብለው በር ላይ እንደቆሙ እታለምን አዩአት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም እትዬ። ፈጥሬው ነው፤ በእመቤቴ።»

«ባሌን ፈጠርሽው?»

እናቴ መሀል ገባች። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ በእኔ ይሁንብኝ እያለች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ነበር። ወይዘሮ የኔዓለም በእጃቸው ገለል አደረጓትና ወደ እታለም ተጠጉ።

«አልቆጣሽም ልጄ። እስከ ዛሬ ሁሉንም አውቀሻል። ከሥራ መውጣቱን እኔ ሚስቱ ሳላውቅ አንቺ አውቀሻል። እንግዲህ ጨርሺልኛ። አሁን የት ነው ያለው?»

እታለም ወደ እናቴ አየች፤ ወደ እኔ አየች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምታውቀው አንድ መጨረሻ ብቻ ነበር።

«ይመለሳሉ እትዬ» አለች። «በቀን ይመጣሉ። ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

ወይዘሮ የኔዓለም ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። እታለምን ግንባሯን ስመዋት ወጡ። አመኗት። ቢሰድቧት፣ ቢመቷት ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

ዓርብ ሞንታርቦው ዘፈን አሰማ። ተማሪው «ገበየሁ! ገበየሁ!» እያለ ጮኸ፤ እኛ ቤት ግን እታለም ትምህርት ቤት ሳትሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። መምህር ስማቸው መጥተው ደጅ ላይ ከእናቴ ጋር ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ወሬው በከተማው ሲዛመት ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ሸሹን። ልብሳችንን ሰጠን እንጂ ገበናችንን መች ሰጠን አሉ። በእነሱስ ማን ይፈርድባቸዋል? ሰው ቆሻሻውን የሚሰጠው ዝም ብሎ ለሚያጥብለት ነው።

ያልሸሹን ወይዘሮ የኔዓለም ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የአቶ ሙላትን ሸሚዝና ሱሪ አጣጥፈው ያመጣሉ። ማንም ያልለበሰው፣ ባለፈው ቅዳሜ እኛው ያጠብነው ልብስ ነው። ሲመጣ ንጹሕ ይልበስ ይሉናል። እናቴ እምቢ ማለት አልሆነላትም። እታለም ወንዝ ዳር ሱሪውን እንደ ልማዷ ገልብጣ ታየዋለች፤ ታየዋለች፤ ምንም የለበትም። አንድ ቀን ታሪክ ንገሪኝ ብዬ ብነዘንዛት ቀና ሳትል «ዝም ብለሽ እጠቢ» አለችኝ። እንዲያ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃው እንደ ቀዘቀዘ ቀረ፤ እኔም ማልቀሴን ተውኩ።

አቶ ሙላት አልተመለሱም። አንዱ መተከል አየኋቸው አለ፤ ሌላው ሁመራ ነው ያሉት አለ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ባይወራ የሚሻል ተወራ። ወይዘሮ የኔዓለም በእኩለ ቀን በራቸውን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ወደ ዘመዶቻቸው ወደ ቢቸና ጠቅልለው እስኪሄዱ ድረስ እታለምን መንገድ ላይ ሲያገኟት እጇን ይዘው «በቅርቡ ብለሽኝ ነበር እኮ» ይሏታል። በቁጣ አይደለም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት አልሠራ ሲል ሰው ተመልሶ እንደሚጠይቀው ዓይነት ነው። እታለም ትርጉሙ የማይለይ ድምፅ ታሰማና መንገድ ትቀይራለች።

እሷ ያቆመችውን እኔ ጀመርኩት። መጀመሪያ ሰሞን የእሷን ዕዳ የምከፍል ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ራሴን አልሸነግልም። መጻሕፍቴን ያነበቡ ሰዎች ቋንቋሽ ንጹሕ ነው ይሉኛል። አዎ፣ ንጹሕ ነው። በመጻሕፍቴ ውስጥ ቁልፉን የሚበላ ሰው የለም። አንድ ሰው ሕያው ሊሆንብኝ ሲጀምር፣ ደጅ ቆሞ መጨረሻውን የሚጠይቀኝ ሰው ይታየኝና እጄ ይታሰራል፤ እሰርዘዋለሁ። የጻፍኩት ሁሉ ማንንም አይነካም፤ ለዚህ ይሆናል ማንም አንብቦት መንገድ ላይ የማይቆመው። ያኔ አንዲት ልጃገረድ በተሰነጠቀ ሞንታርቦ ጋሪ ታስቆም ነበር። ዛሬ እኔ ባማረ ሽፋን፣ በምረቃ፣ በጭብጨባ አንድ እግረኛ አላቆምኩም። ሁለታችንም ደራሲ መሆን ፈልገን ነበር፤ አንዳችንም አልሆንንም።

ባለፈው ጥር፣ በጦርነቱ ምክንያት የተዘጋው መንገድ ለጥቂት ቀን ተከፍቶ ማርቆስ ገባሁ። እታለም አግብታ ወልዳለች፤ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አላት። መጻሕፍቴን በላስቲክ ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ አላነበበቻቸውም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። ባጃጅ አልፎ አልፎ ያልፋል። ልጇ ሶልያና ትምህርት ከተዘጋ ስለሰነበተ እግራችን ሥር ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። ከወደ ገበያው አንድ ሰውዬ ዳቦ በላስቲክ ይዞ መጣ፤ ጥቂት ሄደ፤ ቆመ፤ ተመልሶ መጣ።

«አክስቴ» አለችኝ ሶልያና፣ በሹክሹክታ፣ «ያ ሰውዬ ዳቦውን የገዛው ለተጣላው ሰው ነው። ደርሶ ማንኳኳት ፈርቶ ነው እንጂ ቤቱን አላጣውም። ደግሞ እኮ...»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያን ድምፅ ሰማሁት። «ደግሞስ ምን?» ልላት አፌን ስከፍት እታለም ቀደመችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። የልጅቷን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ፣ በቀስታ፣ ከመንገዱ ወደ ሱቁ ግድግዳ አዞረችው።

«ሰው አትመልከቺ» አለቻት።

ሶልያና አቀረቀረች። ሰውዬው ዳቦውን ይዞ የት እንደገባ ማናችንም አላየንም።