እትዬ ሃሎ ባዶ ቦታ ስትሞላ

በሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ከስንት አንድ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ በር ላይ እስከሚቆመው ጥበቃ ድረስ ሁሉም የሚጠራት «እትዬ ሃሎ» እያለ ነበር። የስልክ ማዞሪያው ከደረጃው ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ እሱም ቢሆን የሚያሳየው የአምቡላንሶቹን ጎማ ብቻ ነው። እትዬ ሃሎ እዚያች ክፍል ውስጥ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ወጣትነቷን ጨርሳለች፤ ሽበትም የጀመራት እዚያው ነው።

በሥራዋ ማንም አያማትም። አንድ አመል ግን ነበረባት፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አትችልም።

«እባክሽ እህቴ፣ ባለቤቴ ትናንት እናንተ ጋ…» ሲላት አንዱ፣

«ወለደች? እንኳን ማርያም ማረቻት! ማዋለጃ ክፍል ላገናኝህ» ትለዋለች።

«ኧረ ቦርሳዋን ረስታ ነው!»

እንዲህ የምትስተው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ታገኘዋለች፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ሲጨርሱለት ደስ ይለዋል። ስለዚህ አመሉ እንደ ሙያ ተቆጥሮላት ኖረ።

አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊው እሷንና ተለዋጭ ተረኛዋን ቢሮው አስጠራቸው። ተለዋጩ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ዝምታው የታወቀ ስለሆነ «መነኩሴው» ይሉታል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ማዞሪያው ሊዘጋ እንደሆነና በምትኩ በራሱ የሚመልስ ማሽን እንደሚገባ ነገራቸው።

«ማሽኑ ምን ይላል?» አለች እትዬ ሃሎ።

«ለማዋለጃ ክፍል አንድን ይጫኑ፣ ለድንገተኛ ሁለትን ይጫኑ ነው የሚለው።»

«የቸገረው ሰው ቁጥር እየመረጠ ይጫናል?»

ኃላፊው ፊቱ ያለውን ወረቀት ገለጠ። ካርድ ክፍል ክፍት ቦታ መኖሩን ነገራቸው፤ የሕሙማን ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን እዚያ ለመግባት የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ያላለፈ ልብስ ንጽሕና ክፍል ይመደባል። መነኩሴው ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እትዬ ሃሎ ግን ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ብቻዋን ስታወራ ሄደች።

ቤት ውስጥ ዕድል የቀናት መስሏት ነበር። የባሏ ታናሽ እህት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ይህች ዋርሳዋ እናቷ ሲሞቱ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር ወደነሱ የመጣችው። ያጠበቻት፣ ያበጠረቻት፣ ፊደል ያስቆጠረቻት እትዬ ሃሎ ናት። ያኔ «ሚጡ» እያለች ጠራቻት፤ ዛሬ መምህርት ሆና፣ መነጽር አድርጋ፣ የራሷን ክፍል ተከራይታም ስሟ ያው ሚጡ ነው። ሚጡም «እቴቴ» ትላታለች።

«ምን ችግር አለው እቴቴ፣ ከሥራ ስወጣ በዚህ በኩል አልፋለሁ» አለቻት። ያለፉ ፈተናዎች የተሰበሰቡበት መጽሐፍም ፎቶ ኮፒ አድርጋ አመጣችላት።

ንባቡስ ብዙም አላስቸገራት። መከራዋን ያሳያት «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚለው ክፍል ነው። መሐሉ ወይም መጨረሻው የጎደለ ዓረፍተ ነገር ይሰጥና ከሥሩ አራት ቃል ይደረደራል፤ አንዱን መምረጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሚጡ አንዱን እየተረጎመች አነበበችላት።

«ሹፌሩ በጣም ደክሞት የነበረ ቢሆንም፣ መኪናውን…»

«አቆመ!» አለች እትዬ ሃሎ፣ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ።

«አይደለም እቴቴ። መንዳቱን ቀጠለ ነው።»

«ደክሞት?»

«አዎ፣ ደክሞት ቢሆንም።»

«ታዲያ ይሄ ሹፌር ነው ነፍሰ ገዳይ?»

ባሏ ጎማ ጠጋኝ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከእጁ ላይ ግሪስ ሲያስለቅቅ ሰምቶ ሣቀ። «ትክክል ነሽ! እንዲህ ዓይነቱ ነው ጎማውን አፈንድቶ እኔ ጋ የሚመጣው።»

«ጋሼ፣ አታበላሽብኝ!» አለች ሚጡ። ከዚያ ወደ እትዬ ሃሎ ዞረች። «ሕይወት ውስጥ ምን ይደረጋል ብለው አይደለም የጠየቁሽ። ዓረፍተ ነገሩ የሚፈልገው ምንድን ነው ነው ጥያቄው። መጀመሪያ ላይ ‹ኦልዞው› የሚል አለ አይደል፣ ‹ቢሆንም› ማለት? እሱን ስታዪ፣ ኋላ የሚመጣው ነገር ከፊተኛው ጋር እንደሚጣላ ዕወቂ።»

«ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምን ይፈልጋል? ሰው ነው እንዴ?»

ኦልዞውን በስንት መከራ ለመደችው። ከዚያ «አንለስ» መጣ። አንለስ አንጀቷን አሳረራት።

«‹ካል› ማለት ነው» ትላታለች ሚጡ። «ካልመጣህ፣ ካልከፈልክ፣ ካልተኛህ። ውስጡ ‹አይ› አለበት።»

«የታለ አዩ? ጣትሽን አድርገሽ አሳዪኝ!»

«አይታይም። ተደብቆ ነው ያለው።»

«ከተደበቀ እኔ በምን አየዋለሁ? ጠንቋይ ነኝ?»

አንለስን በትልቁ ጽፋ መስታወቷ ላይ ለጠፈችው። ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ከራሷ ፊት ጎን እሱን ታያለች። ወጥ ቤትም ለጠፈችው። ማዞሪያው ክፍልም ከውስጥ መስመሮቹ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ሥር ለጠፈችው። እንዲያም ሆኖ መጽሐፉ ውስጥ ስታገኘው ዓይኗ አልፎት ይሄዳል፤ ምክንያቱም ከእሱ በኋላ ያለውን ገና አጋምሳ ሳታነብ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ይደርሳል። አክብባ ትጨርስና የመልሱን ገጽ ስትገልጥ ስህተት። ታጠፋዋለች። ሌላውን ትሠራለች። እሱም ስህተት። በላጲስ ስትፈትግ ወረቀቱ ተቀደደ። ሁለት ባዶ ቦታ ያላቸው ሲመጡ ደግሞ ይብሱን ደሟ ፈላ፤ የመጀመሪያውን አግኝታ ስትደሰት ሁለተኛው ገደል ይከታታል።

ይብስ ብሎ መነኩሴው፣ ፈረቃ ሲለዋወጡ «ልምምዱ እንዴት ነው?» ስትለው፣

«ደህና ነው» ብቻ ይላታል።

«ደህና ነው ማለት ምን ማለት ነው? ስንት ታገኛለህ?»

«ደህና አገኛለሁ።»

ያን ቀን ቤቷ ገብታ ባሏን በሆነ ባልሆነው ተቆጣችው።

ጠቡ የመጣው ፈተናው ሲቃረብ ነው። ሚጡ የተማሪዎቿን ወረቀት ስታርም ውላ፣ ያልጨረሰችውን ተሸክማ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ተቀምጠው ጀመሩ፤ እትዬ ሃሎ በላይ በላዩ ሳተች። ባለፈው ሳምንት የሠሩትን ያንኑ ጥያቄ፣ ያንኑ አንለስ፣ እንደገና ሳተችው። ሚጡ መነጽሯን አወለቀች።

«እቴቴ፣ ምን ላድርግሽ? የእኔ ተማሪዎች እንኳን አንድ ነገር ሦስቴ አይስቱም። ልጆች ናቸው እኮ! አንቺ ግን…»

«እኔ ግን ምን? ደንቆሮ ነኝ? በይው!»

«እንደዚያ አላልኩም!»

«ልትዪ ነበር! አንቺን ጫማሽን ግራና ቀኙን ለይተሽ እንድታደርጊ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ስትገለብጪው አንድ ቀን ‹ምን ላድርግሽ› ብዬሻለሁ? ያጎረሰ እጅ ይነከሳል አሉ!»

ሚጡ ብድግ አለች። «ልልሽ የነበረው ‹አንቺ ግን ደክሞሻል፣ ዛሬ ይብቃን› ነበር። ይኸው ነው ችግርሽ እቴቴ! ሰው ሳይጨርስ ትጨርሺለታለሽ። እኔንም፣ ፈተናውንም!»

ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እትዬ ሃሎን የበለጠ ያበገናት እሱ ነው።

ባሏ ነገሩን ለማብረድ ብሎ «እንግዲህ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል…» ሲል ጀመረ።

«አንተ ደግሞ ጎማህን ጠግን!»

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ተለማመደች። ሚጡ አልመጣችም፤ እሷም አልጠራቻትም። ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ እንደ ገዛ ልጇ ላሳደገቻት አንዲት ስልክ መደወል አቃታት። ቀፎውን ታነሣና ትመልሰዋለች።

ፈተናው የተሰጠው በሆስፒታሉ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ተራርቀዋል፤ ተቆጣጣሪዋ በተረከዘ ረጅም ጫማ ቋ ቋ እያለች ትመላለሳለች። እትዬ ሃሎ የጥያቄው ወረቀት እንደ ተሰጣት ጀመረች። ላቧ እየወረደ ከሁሉ ቀድማ ጨረሰች፤ ቀድማም ወጣች። መነኩሴው ገና ግማሹ ላይ እርሳሱን አገጩ ላይ አድርጎ ተክዟል። «አይ አንተ ሰውዬ» አለች በሆዷ።

ደረጃውን ስትወርድ አንድ ዓረፍተ ነገር አእምሮዋ ውስጥ ተመለሰባት። ነርሷ መድኃኒቱን አትሰጥም፣ ሐኪሙ… ከሐኪሙ ፊት ያለው ምን ነበር? ደረጃው መሐል ላይ ቆመች። አንለስ ነበር። እሷ «ከከለከለ» የሚለውን አክብባለች፤ የሚፈለገው ግን «ካላዘዘ» ነበር። ብረቱን ይዛ ቆማ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አየች። ወረቀቱን አስረክባለች፤ ምን ይደረጋል።

ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ። መነኩሴው አለፈ። እሷ በትንሽ ወደቀች። በብዙ ብትወድቅ ይሻላት ነበር፤ በትንሽ መውደቅ እንቅልፍ ይነሣል።

ማዞሪያው ተዘግቶ ልብስ ንጽሕና ክፍል ገባች። ግዙፍ ማጠቢያዎች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ፤ እንፋሎቱ ፊት ያቀልጣል። የምታነጋግረው ሰው አፏን ካላየ የምትለውን አይሰማም። አንሶላ ታጥፋለች፣ የትራስ ልብስ ታጥፋለች፣ የቀዶ ጥገና ጋዎን ታጥፋለች። ማታ ማታ ጀርባዋን ስታሽ ባሏ ቅባቱን ያቀብላታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚጡ በሩን አንኳኳች። እጇ ላይ ያ መጽሐፍ አለ። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እትዬ ሃሎም አልጠየቀቻትም። ወንበር ሳበችላት።

«ካርድ ክፍል አሁንም ሰው ጎድሏል፤ ሁለተኛ ዙር ፈተና አለ አሉ» አለች ሚጡ።

«ማን አለሽ?»

«ጋሼ።»

እትዬ ሃሎ ባሏን በክፉ ዓይን አየችው። እሱ ጣሪያውን ያይ ነበር።

በዚህኛው ዙር ሚጡ ዘዴዋን ለወጠች። አራቱን ምርጫዎች በእጇ መዳፍ ትሸፍንና፣ «እስከ ነጥቡ አንብቢ» ትላታለች። እስከ ነጥቡ ካላነበበች እጇን አታነሣም።

«አንሺው!»

«እስከ ነጥቡ።»

«አንብቤዋለሁ እኮ!»

«አላነበብሽም፤ ዓይንሽ የእኔ ጣት ሥር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን በእርሳስ ሳልወጋልሽ አንሺው!»

ይህ ትምህርት ይሁን ትግል ለመለየት ያስቸግር ነበር። አንድ ጊዜ እትዬ ሃሎ የሚጡን ጣቶች አንድ በአንድ ልትፈለቅቅ ሞክራለች። ሌላ ጊዜ መጽሐፉን ዘግታ ወጥታ አጥር ጥጉ ላይ ቆማ ቆይታ ተመልሳለች። አመል አልለቅ ብሏት ቢሆንም፣ ትክክሎቹ ቀስ በቀስ ከስህተቶቹ በለጡ። ብዙም አልበለጡም። ሚጡ «ጎበዝ» ስትላት «አታባብይኝ» ትላታለች።

በሁለተኛው ፈተና የራሷን መዳፍ ምርጫዎቹ ላይ ደፍታ ሠራች። ተቆጣጣሪዋ የምትኮርጅ መስሏት ሁለት ጊዜ መጥታ ከመዳፏ ሥር አየች። ከሁሉ በኋላ ወጣች። ውጤቱ ሲለጠፍ አለፈች፤ ለጥቂት፣ ለጥቂት።

ካርድ ክፍል በገባች ቀን መነኩሴው ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት። ከፊቷ ከተከመሩት ካርዶች አንዱን አነሣች። መነጽሯን አስተካክላ የመጀመሪያውን መስመር ለማንበብ አቀረበችው። ሐኪሙ የጻፈው ጉንዳን እግሩን ቀለም ነክሮ የሄደበት ይመስላል። አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ገለበጠችው። አንድም ፊደል አልወጣ አላት።

«ይሄ ምን ይላል?» አለችው።

መነኩሴው አየት አደረገው። «እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ?»

«እዚህ የሚያነበው የለም እትዬ። ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር አይተን ነው መደርደሪያው ላይ የምናስገባው።»

ማታ ሚጡ ልትጠይቃት ስትመጣ ነገረቻት። ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች። ባሏም ሣቀ። እትዬ ሃሎ ሁለቱንም በተራ አየቻቸው፤ ከዚያ ተነሥታ የራታቸውን ሳህን ማንሣት ጀመረች። እሷ አልሣቀችም።