በረዶ የታተመበት ባነር

የዴልና ፓይሊ ጣቶች መንጣት የጀመሩት በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ለሕክምና መግቢያ ፈተና በምትዘጋጅበት የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ሁለት መቶ ተማሪና አራት አየር ማቀዝቀዣ ነበረው። ረፋዱ ላይ ጣቶቿ ከጫፋቸው እስከ መሃል አንጓቸው እንደ ሻማ ይነጣሉ። ቀጥሎ ይጠቁራሉ። ወደ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በርበሬ እንደነካቸው ይለበልባሉ። እስክሪብቶ ከእጇ ሲወድቅ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች «ሬሳዋ ጣለች» ይሉ ነበር።

እናቷ ኤልያማ ፓላ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሟ አሮጊት ናት፤ ጣቶቹን በበረዶ ውሃ ነክራ አየች፤ ደም መረመረች።

«ደም ሥሮቿ ብርድ ሲነካቸው ይዘጋሉ» አለች። «መድኃኒቱ ብርድ አለመንካት ነው። ሌላ የለውም።»

አባቷ ፓይሊ ሳቀ። «ዶክተር፣ እኛ አገር ብርድ ከየት ይመጣል?»

ፓይሊ አምስት ሄክታር የማይሞላ የጎማ ዛፍ አለው። ጎህ ሳይቀድ ዛፎቹን ይፍቃል፣ ወተቱን ይሰበስባል፣ የረጋውን በእጅ በሚዞር መዳመጫ አሳልፎ ሉህ ያደርገዋል። በኛ በኬረላ ኮረብቶች ጎማ የሚፍቅ ሰው ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ጎማ እንዳይፍቅ። ዴልናም የምትፈልገው ሐኪም መሆን ነበር፤ ያውም በእጅ የሚሠራውን፣ ቀዶ ጥገናውን። ዓሣ ስታጸዳ እንኳ አጥንቱን ሳትሰብር አንድ ላይ ታወጣው ነበር።

ሁለት ጊዜ ተፈተነች። ሁለተኛው ጊዜ በሠላሳ አንድ ነጥብ ወደቀች። የቀረው ውጭ አገር ነው።

የሺቡ ቢሮ ፓላ ውስጥ ከዳቦ ቤት በላይ ነው። ሺቡ ተማሪ ወደ ውጭ የሚልክ ደላላ ነው። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ አለ፤ ልጆች የላከባቸው ከተሞች ላይ ቀይ ክብ ተለጥፏል። ዴልና ካርታው ፊት ቆማ ለእያንዳንዱ ክብ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች።

«ጥር ላይ ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች።»

«ይሄስ?»

«እሱ ትንሽ ይብሳል።» ሺቡ ወደ አባቷ ዞሮ ታላቅ በሚከበርበት መጠሪያ ጠራው። «አቻያን፣ ልጅዎ ልትማር ነው ወይስ ልብስ ልታሰጣ?»

ፓይሊ ሳቀ። ዴልና አልሳቀችም። ጣቷን ወደታች አውርዳ የፊሊፒንስ ደሴቶች ላይ አሳረፈች። ጥር ላይ ሃያ ስምንት ዲግሪ። «እዚህ» አለች። አባቷ ፈረመ። እናቷ የሚታጠፍ ጃንጥላ ገዛችላት። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር።

በኛ አገር ልጅ ለሕክምና ሲሄድ ባነር ሳይሰቀልለት አይሄድም። ገና የመጀመሪያ ቀን ክፍል ሳይገባ ስሙ ፊት «ዶክተር» ተጽፎ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ይንጠለጠላል። የሚያሳትመው የሰበካው ወጣቶች ማኅበር ነው። የሚያትመው ቶሚቻን ነው። ቶሚቻን አንድ ኮምፒውተርና አንድ የዶክተር ንድፍ አለው፤ በረዶ የሸፈነው አደባባይ፣ ጉልላታቸው የሽንኩርት ቅርጽ ያለው አብያተ ክርስቲያናት፣ መሃል ላይ ከአንገት በላይ የሌለው ነጭ ጋውን፣ ሁለት እጆች የልብ ማዳመጫ ይዘው። በየዓመቱ ፊቱንና ስሙን ይቀይራል። በዚያ ዓመት ፊቱን ቀየረ፣ ስሙን ቀየረ፣ የከተማውን ስም መቀየር ረሳ።

ባነሩ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰቀለ። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ያላነበበው አልነበረም። አባ ኩርያን ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲያነቡ «የፓይሊ ልጅ ወደ ሳይቤሪያ ለሕክምና ትምህርት ስለምትሄድ በጸሎት እናስባት» አሉ። ሰው ዞሮ የፓይሊን ቤተሰብ አየ። ዴልና እናቷን አየች።

ፓይሊ ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ ባነሩ ሥር ቆመ። ታላቅ ወንድሙ ዴቫሲ ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። በሁለቱ መካከል የአባታቸው መሬት ከተከፈለ ጀምሮ መልካም ቃል አልነበረም።

«ፓይሊ፣ እኛ የሰማነው ሙዝ ወደሚበላበት ደሴት ነው የምትሄደው ሲሉ ነው» አለ ዴቫሲ። «ሙዝማ እዚህም አለ ብዬ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ፓይሊ «ቶሚቻን ተሳስቶ ነው» ማለት ይችል ነበር። ሦስት ቃል ነው። አፉን ከፈተ፤ ቀና ብሎ በረዶውን አየ፤ የልጁን ስም አየ።

«ሐሳባችንን ቀየርን» አለ። «የተሻለ አገኘን።»

የዴልና ነገር ያለቀው እዚያ ነው።

ቤት ሲገቡ ካሳቫውና ዓሣው ቀርቧል። ማንም አልነካውም።

«አባዬ፣ ባነሩ ተሳስቷል።»

«አይቻለሁ።»

«ቶሚቻን በአንድ ቀን ያስተካክለዋል።»

«ምን ብዬ? ሁለተኛ ባነር ሲሰቀል ሰው ምን ይላል? የበረዶው አልተቀበላትም፣ ወደ ሙዙ ተመለሰች ነው የሚሉት። አባ ኩርያን ከመቅደስ ተናግረዋል።»

«ሐኪሟ ያለችውን ረሳኸው?» አለች ኤልያማ።

«ሐኪሟ በረዶ አገር ኖራ ታውቃለች? እዚያ ያሉት ሰዎች ጣት የላቸውም?»

«እኔ የምማረው ሕክምና ነው ወይስ ባነሩን?» አለች ዴልና።

ፓይሊ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የምትማሪው ያልኩሽን ነው።» እጁን ታጥቦ መብላት ጀመረ።

ሺቡ አገሩን ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ደስ ብሎታል። «ዶርሙ ውስጥ ሃያ አምስት ዲግሪ ነው፣ አቻያን። ኬረላ ማለት ነው። የሚቀረው ከበር እስከ አውቶቡስ ያለው ብቻ ነው።»

«ከበር እስከ አውቶቡስ ስንት ደቂቃ ነው?» አለች ዴልና።

«አሥር። በአሥር ደቂቃ ማንም አይሞትም።»

እሱ እውነት ነበር። ማንም አልሞተም።

እዚያ ሕይወቷን በበር ትለካ ጀመር። ከዶርም በር እስከ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ እስከ ትምህርት ክፍሉ በር፤ ሁለት ጓንት ደርባ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ። የአካል ጥናት ክፍሉ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ሬሳ እንዳይበላሽ። እዚያ ግን ከመቶ አርባ ተማሪ ዘጠነኛ ወጣች። መምህሩ ክንድ ላይ ያለ ነርቭ ነጥላ ስታወጣ አይተው ሌሎቹን ጠርተው አሳዩ። ይህን ለእናቷ በስልክ ሁለት ጊዜ ደጋግማ እንደነገረቻት ኤልያማ ነግራናለች።

በታኅሣሥ የጣቶቿ ጫፎች ላይ ቁስል ወጣ። ትናንሽ፣ የማይድኑ። የተማሪዎች ክሊኒክ ያለች ሐኪም የፓላዋ ያለችውን ደገመች። ዴልና አባቷ ዘንድ ደወለች።

«ወደ ደሴቱ መዛወር እችላለሁ። ጠይቄያለሁ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የማጣው።»

«ባነሩ ገና አልወረደም» አለ ፓይሊ።

«አውርደው።»

«ሦስተኛ ጓንት ደርቢ።»

በጥር ዴቫሲ ሻይ ቤት ውስጥ አዲስ ነገር አመጣ። «ያ በረዶ ያለው ቶሚቻን ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ልጅቷ በረዶ ላይ ቆማ ያያት አለ? የምትልከው ፎቶ ሁሉ አልጋ ላይ ነው። እንጃ እንግዲህ፣ ባንጋሎር ተደብቃ ይሆናል።»

እውነትም ፎቶዎቿ ሁሉ የቤት ውስጥ ነበሩ። ፓይሊ ያን ቀን ደወለ።

«ፎቶ ላኪ። ልክ እንደ ባነሩ። ጋውንሽን ልበሺ፣ ጃኬቱ ከላይ እንዳይሆን። ማዳመጫውን በሁለት እጅሽ ያዢ።»

«አባዬ፣ ዛሬ ሠላሳ አራት ነው። ከዜሮ በታች።»

«አንድ ፎቶ ነው ልጄ። አንድ ጠቅ። አጎትሽ እዚህ ስምሽን እያነሳ ሲስቅ አልሰማሽም። እኔ ነኝ የምሰማው።»

ዴልና «እሺ» አለች። ለምን እሺ እንዳለች በኋላ ብዙ ሰው ጠይቋታል። አባት ባዘዘ ጊዜ እሺ የማይል ሰው እዚህ የለም፤ ጠያቂዎቹም ያውቁታል።

የዶርም ጓደኛዋ ሊጂ የዴልናን ስልክ ይዛ አብራት ወጣች። ዴልና አደባባዩ ላይ በነጭ ጋውን ቆመች፤ ጓንት ያላጠለቁ እጆቿ የልብ ማዳመጫውን ብረት ያዙ። በመጀመሪያው ፎቶ ዓይኗ ተጨፍኗል። ሁለተኛው ሊነሳ ሲል ስልኩ በብርዱ ጠፋ። ሊጂ የራሷን ለማምጣት አራት ፎቅ ወጣች። ዴልና ተመልሳ ከገባች ድጋሚ መውጣት እንደማትችል ታውቃለች። ቆማ ጠበቀች። በሊጂ ግምት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ጥሩ ወጣ።

ፓይሊ አሳጥቦ ሻይ ቤት ወሰደው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዴቫሲ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ጓንት የላትም እንዴ?» አለ።

«የፓይሊ ልጅ ናት፣ ደሟ ትኩስ ነው» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፓይሊም ሳቀ፤ ለሁሉም ሻይ አዘዘ።

ጣቶቹ በሳምንቱ ጠቆሩ። ሐኪሞቹ የሞተው ከዳነው እስኪለይ አምስት ሳምንት ጠበቁ። ከቀኝ እጇ ጠቋሚውን፣ መሃለኛውንና የቀለበቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ቆረጡ። ከግራ የሁለቱን ጫፍ።

ፓይሊ ብቻውን ኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ተቀበላት። መኪና ውስጥ ገቡ።

«በመዳመጫው ነው ትያለሽ» አለ።

«ምኑ?»

«ጣቶችሽ። ለዕረፍት መጥተሽ ስታግዢኝ መዳመጫው ያዘሽ። በየዓመቱ የሆነ ሰው ይይዛል፤ ማንም አይጠይቅም።»

«በረዶ እንደቆረጠኝ ማንም እንዳያውቅ ነው?»

«ፎቶውን ያየው ሰው ብዙ ነው» አለ ፓይሊ።

ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ከዚያ ፓይሊ እየሮጠ ወደ መንገድ ወጥቶ «መዳመጫው! ልጄን መዳመጫው!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ትኩስ ደም አልነበረም። አንድም ሰው ስለ ደሙ አልጠየቀም። ዴቫሲ ሳይቀር መጥቶ ራሱን ነቀነቀ፤ መዳመጫ የቆረጠው ጣት አይሳቅበትም።

ባነሩ እስከ ሰኔ ዝናብ ተሰቅሎ ቆየ። ፓይሊ ራሱ አውርዶ ከማድ ቤቱ ጀርባ የማገዶ ክምሩን ሸፈነበት። ፊቷ ወደ ላይ ነው፤ ውሃ የማያሳልፈው የታተመበት ወገን ስለሆነ።

በዓመቱ ሺቡ ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጣት። ከልቡ እንደረዳት ይናገራል። «እዚያ ኖራ ያየች ሰው» ብሎ ለወላጆች ያስተዋውቃታል። እጆቿን ከጠረጴዛው በታች እንድታደርግ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገራት።

በነሐሴ ከጎረቤት ሰበካ ሮሲሊ የምትባል ሴት ልጇን ጂንሲን ይዛ መጣች። ሺቡ ውስጠኛው ክፍል ስልክ ላይ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ይሠራል። ጂንሲ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከታ ተቀምጣለች።

«ጣቶችሽን አሳዪኝ» አለቻት ዴልና።

ልጅቷ አሳየቻት። ዴልና ተነስታ ማቀዝቀዣውን አጠፋች። ተመልሳ የራሷን እጆች ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ በዚያ ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እትዬ ሮሲሊ፣ የኔም እንዲህ ይነጣ ነበር። ይሄን የበላው ብርድ ነው። ልጅዎን ወደ ሞቃቱ አገር ይላኳት። እዚህ ዝርዝር ላይ ሁለት አሉ። እኔ ቅጹን እሞላለሁ።»

ሮሲሊ እጆቹን አየች። ከዚያ ዴልናን።

«አንቺ የፓይሊ አቻያን ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አንቺን እኮ መዳመጫ ነው የቆረጠሽ። አባትሽ በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ እያለቀሰ ነግሮናል።»

«አባቴ ዋሽቶ ነው።»

ሮሲሊ ወንበሯን ወደኋላ ሳበች። «የገዛ አባትሽን? ስላንቺ ያለቀሰውን ሰው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የምታዝንላት ይመስል ነበር። «ልጄ፣ ያንቺ ሳይሆን ቀረ። ያሳዝናል። የሰው ልጅ መንገድ ግን አትዝጊ። ቅናት ኃጢአት ነው።»

«ዴልና፣ ችግር አለ?» አለ ሺቡ ከውስጥ።

«የለም» ብላ የመለሰችው ሮሲሊ ናት። ከቦርሳዋ ሁለት ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለባነሩ የትኛው ይሻላል? ቶሚቻን ንድፉን አሳይቶኛል፣ በረዶ ያለበትን። እሱን ነው የወደድኩት።»

ዴልና ፎቶዎቹን አላየችም። ቅጹን ሳበች። እስክሪብቶውን በአውራ ጣቷና በትንሿ ጣቷ መሃል ያዘች፤ የልጅቷን ስም ጻፈች፤ የትውልድ ቀን ጻፈች፤ የበረዶውን ከተማ ስም ጻፈች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች። ስስ ወረቀት መግለጥ ነው የሚከብዳት። ሁለት ጊዜ ሞከረች።

ጂንሲ እጇን ዘርግታ ገጹን ገለጠችላት። ጣቶቿ እስከ መሃል አንጓቸው አሁንም ነጭ ነበሩ።