ያለ ውሃ የሚሞረድ ጠርሙስ

በባሕር ዳርቻዋ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከማይሙና ጋር ግድግዳ የሚጋራው ሽማግሌ ስሙን ለማንም አልተናገረም። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት አይጠፋም። አልጋውን ከመኝታ ቤቱ አውጥቶ ድንጋይ የሚሞርድ ሞተር ተክሎበታል። ከባሕሩ ዳርቻ የለቀመውን የጠርሙስ ስብርባሪ እየሞረደ ዶቃ ያደርገዋል። አይሸጠውም።

ሲሞርድ አቧራውን የሚይዝለት ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ነበር። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ወዲህ ግን ያለ ውሃ ይሞርዳል፤ አቧራው በመስኮት እየገባ የማይሙናን ልጅ የሳብሪንን አስም ቀሰቀሰው።

«ምነው ጋሼ፣ አቦ! ልጄን በጠርሙስ ዱቄት ሊገድሏት ነው?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አይተዉትም?»

የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ዘረጋላት። «ሥራ ሲይዙ ብቻ ነው የሚያርፉት። ባሕር ከተሻገርኩባት ጀልባ ከወረድኩ ወዲህ እንዲህ ናቸው።»

ማይሙና ወደ ልጇ ተመለሰች።

በማግስቱ ሞተሩ እንደ ወትሮው ጮኸ፤ አቧራ ግን አልመጣም። ሳብሪን ከቀትር በኋላ ያለ ሳል ተኛች። ማይሙና ደስ ብሏት ወጣ ብትል፣ የሽማግሌው መስኮት ከውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅጥቋል፤ የበሩም ሥር በጨርቅ ተደፍኗል። የጠየቀችው ሁሉ ተደርጎላታል። ሰው የለመነውን አግኝቶ እንዲህ መቆሚያ መቀመጫ ያጣል?

ከውስጥ ረጅም ሳል ተሰማ። ሞተሩ ቆመ፤ ሳሉ ሲያልፍ እንደገና ተነሣ። በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሣች፤ የልጅቷን እንቅልፍ አሰበችና መልሳ አወረደችው።