የማጭዴ እጀታ

ክኒኑን ካቆምኩ አስራ አንድ ወሬ ነበር። ወላሂ፣ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። ታላቅ እህቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለው ቤቷ አስገብታ፣ ሲያልበኝና ሲያንቀጠቅጠኝ ይዛኝ ከርማ ነው ያወጣችኝ። «ሁለተኛ ከነካህ ልጆቼ ባሉበት አላሳድርህም» ብላኛለች። ከሷ ቤት ሌላ ቤት የለኝም።

የጤና ባለሙያው ነግሮኝ ነበር። ያ የምውጠው የሕመም ማስታገሻ፣ ትራማዶል፣ ጭንቅላት ውስጥ ዶፓሚን የሚሉትን የደስታ ቅመም ይለቀዋል፤ ጭንቅላትም ደስታው ከምን ጋር እንደመጣ አንድ በአንድ ያጠናል፤ ክኒኑ ከደም ቢወጣ ትምህርቱ ቶሎ አይወጣም አለኝ። ሰማሁት፣ ናቅሁት። እኔ ፊደል እንኳ በዱላ ነው የያዝኩት፣ ምን አባቴ ተምሬ ነው አልኩ።

ሰሊጥ ደረሰና ከእህቴ ጋር አጨዳ ወጣን። ጅሉ እኔ፣ የድሮውን ማጭዴን ይዤ። አምና የእርሻው ወኪል ድካም እንዳይሰማን ጠዋት ጠዋት ክኒን ሲያድለን፣ የከሰዓቱን እጀታው ላይ በጠመጠምኩት ጨርቅ ውስጥ እቋጥር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አውራ ጣቴ ቋጠሮውን ይፈታል፣ ክኒኗ አፌ ትገባለች፣ ወገቤም ሕመሙን ይረሳል።

ዘንድሮ የመጀመሪያውን ጭብጥ ሰሊጥ እንደያዝኩ ምላሴ መረረኝ። ምንም ሳልውጥ። ልቤ ይደልቃል፣ አፌ ምራቅ ይሞላል። አውራ ጣቴን ባየው ቋጠሮው ላይ ሄዷል፤ ማን ላከው? ተናደድኩበት። ይባስ ብሎ ከጨርቁ ስር አንድ ነገር ቆረቆረው። ከአምና የተረሳች አንዲት ክኒን።

እህቴ ከፊቴ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። ልጥራት አልኩና አፈርኩ። ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ክኒኗን አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ጣልኳት። ወንድ ወጣኝ ብዬ አስር እርምጃ አልሄድኩም፣ ተመልሼ ተንበርክኬ ስንጥቁን በማጭዴ ጫፍ እጎረጉራለሁ። ጥፍሬ ደምቷል።

«ምን ጠፋብህ?» አለች እህቴ ከጀርባዬ ቆማ።

መዋሸት እችል ነበር። «ክኒን» አልኳት። «ራሴ ጥያት ራሴ እየፈለግኳት ነው። እታለም፣ እጄን አላምነውም።»

ከቤቴ ውጣ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ማጭዴን ተቀብላ የራሷን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ስንጥቁ ላይ ተቀመጠች። ወኪሉ ከሩቅ ጮኸባት፤ ነገ እንዳትመጪ አላት። አልተነሳችም።

«አንተ እጨድ» አለችኝ። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ፀሐይ እስክትገባ አጨድኩ። ደጋግሜ ወደሷ ዞር እል ነበር። ለሷ ያሰብኩ መስሏት ፈገግ ትልልኛለች። እኔ ግን የማየው፣ ከስንጥቁ ላይ ተነስታ እንደሆነ ነበር።