የጋሽ ሰይድ የእግር ትርታ

ባለፈው ሳምንት እግሯን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ጎረቤቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድሁ። አንዲት ወጣት ነርስ ትንሽ መሣሪያ እግሯ ላይ አሳርፋ የደሟን ዝውውር አሰማችን፤ ሽው፣ ሽው ይላል። ሌሎቹ ደስ ብሏቸው ሲያዳምጡ እኔ ሰበብ ፈጥሬ ወጣሁ።

ነገሩ የሆነው ነርስ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በተቀጠርሁበት የመጀመሪያ ክረምት ነው። ጋሽ ሰይድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ገበያ መሐል የደነበረ በሬ ጭናቸውን ወግቶ የደም ሥራቸውን በጠሰው፤ የጫናቸውን መኪና ጭቃ እየያዘው በስንት መከራ እኛ ዘንድ ደረሱ። ሐኪማችን ሥሩን ሰፍቶ ደሙን ወደ እግራቸው መለሰው። ከዚያ እግራቸው ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጎ፣ «እዚህ ጋ ትርታውን በየሰዓቱ ዳብሺ። ከጠፋ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ ወዲያው ጥሪኝ» አለኝ።

ጠዋት ትርታው ደህና ነበር። ረፋዱ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ትኩስ የገብስ አጥሚት ይዘው መጡ። ብርድ ልብሱን ሊያስተካክሉ ሲሉ እጃቸው የጋሽ ሰይድ እግር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይኸ እግር በረዶ ሆኗል።»

«የክረምቱ ብርድ ነው፣ እትዬ» አልሁ።

ግን ደነገጥሁ። ነጥቡ ላይ ጣቴን ባሳርፍ ምንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ስጫን ምት ምት አለ። እፎይ ብዬ «ትርታ አለ» ስል ጻፍሁ። ጋሽ ሰይድ የእግር ጣታቸው መደንዘዙን ሲነግሩኝም፣ «ሲድን እንዲህ ያደርጋል» አልኋቸው። በሚቀጥለው ሰዓትም ያንኑ ጻፍሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጥቶ ዳበሰ። ትርታው አሁንም እንዳለ ስነግረው፣ ቀስ ብሎ፣ «የዳበስሽው የራስሽን ነው» አለኝ። ጣት አጥብቀው ሲጫኑት የገዛ ደሙ ይመታበታል፤ ሲፈሩ ደግሞ ይብሳል። ይህን ትምህርት ቤት ነግረውን ነበር።

እንደገና ቀዶ የረጋውን ደም ቢያወጣም ሥጋው ሞቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ጋሽ ሰይድ እጄን ይዘው፣ «አላህ ይስጥሽ፤ ደክመሽልኛል» አሉኝ። እትዬ ዘይነባ አጠገባቸው ቆመው ዐይን ዐይኔን ያዩኛል።

ኋላ ላይ ለማሠለጥናቸው ነርሶች ሁሉ፣ «አስታማሚ እግሩ ቀዝቅዟል ካለ እመኑት» እል ነበር፤ ከየት እንደተማርሁት ግን ለማንም አልተናገርሁም። ጋሽ ሰይድ ካረፉ ዓመታት አለፉ። እትዬ ዘይነባ አርጅተው ዛሬም ቡሬ አሉ። እኔ ካለሁበት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እስካሁን አልሄድሁም።