የዶሮ ቆጥ የሚመስለው ፒያኖ

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ሠፈርተኛው «ጠጋኙ» ይለው ነበር፤ እግሩ የተሰበረ ወንበርም፣ ቁልፉ የተነቀለ ፒያኖም እሱ ዘንድ ይመጣ ነበርና። መጫወት የጀመረው ግን አርባ ከሞላው በኋላ ነው፣ እኔን ለማጀብ ሲል። እኔ እዘፍን ነበር፤ መድረክ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ።

ችግሩ፣ አንድን ዘፈን የሚችለው ከአንድ ቁልፍ ሲነሣ ብቻ ነው። «ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ካልኩት የጥቁሩና የነጩ አቀማመጥ ይለዋወጥበትና ጣቱ ይተሳሰራል።

«አንቺ ከፍ በይ እንጂ!»

«ድምፄ መሰላል መሰለህ?»

ከዚያ ጉሮሮዬን ታምሜ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ስድን ድምፄ ወፍሮ ቀረ። ሁልጊዜ የምዘፍነው ዘፈን ከፍ የሚልበት ቦታ ስደርስ ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ «በቃኝ» አልኩ።

በማግስቱ የፒያኖውን ቁልፎች ነቃቀላቸው። ሐሳቡ ከራሱ የፈለቀ አልነበረም፤ ሥዕሉን አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ አይቷል። ጠባብ ጠባብ ቁልፎች፣ እንደ ደረጃ ተደራርበው። እዚህ ላይ አንድ ዘፈን አንዴ ከተማሩ፣ ከየትም ቢነሡ የጣት አካሄዱ ያው ነው፤ ዝቅ ለማለት እጅን ወደ ግራ፣ ከፍ ለማለት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ማድረግ ብቻ። ስምንት ወር ፈጀበት። ምንጣፌ ሰጋቱራ ጠገበ።

እናቱ መጥተው አዩና፣ «ልጄ፣ ደህናውን ፒያኖ አፍርሰህ የዶሮ ቆጥ ሠራህበት?» አሉ።

«እንቁላል ሲጥል አመጣልሻለሁ፣ እማዬ።»

ሲጨርስ፣ «ዝቅ አድርጌ ልጫወትልሽ?» አለኝ።

«የሌላ ሰው ድምፅ ይዤ አልዘፍንም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አልነካካኝም። ከሥራ ሲመለስ ይቀመጥና ያንኑ ዘፈን በድሮው ከፍታ ይጫወታል። እኔ ኩሽና እገባለሁ።

አንድ ቀን መነጽሩን ሥራ ቦታ ረስቶ መጣ። በዳበሳ ተቀምጦ ጀመረ። የድሮው ፒያኖ ቢሆን ጣቱ ጥቁሩን ሲያጣ ወዲያው ይነቃ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ስለሆነ ጣቱ ምንም አልነገረው። ጆሮውም ደክሞት ነበር መሰለኝ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ነው እየዘፈንኩ መሆኔን ያወቅሁት።

«ውይ! ስቻለሁ» አለ ከሳሎን። «አራት ቁልፍ ወደ ግራ ነው የተቀመጥኩት፣ ቆይ ላስተካክል—»

«እጅህን እንዳታነሣ!» ቢላዋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«ስህተት እኮ ነው።»

«እዚያው ቆይ አልኩህ!»

ቆየ። ከፍ የሚለው ቦታ ሲቃረብ ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልተሰነጠቀም። ወፍራም ነበር፣ ትንሽም ሻካራ፤ ግን እኔው ነበርኩ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ቦታው እንዳይጠፋበት አፍንጫው ቁልፎቹን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሶ ነበር።

ስጨርስ፣ «ድገሚያት» አለኝ።