የሶደሬዋ ካሴት

ባለፈው ሳምንት ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ፣ ልጁ ማጅራቴን በምላጭ ጨርሶ፣ ጥጥ ኮሎኝ ነክሮ ሲያብስልኝ፣ ሽታው ከወንበሩ አንስቶ ናዝሬት፣ አባቴ ልብስ ስፌት ቤት ወስዶ አስቀመጠኝ። ሌላው ሰው ኮሎኝ ሲሸተው ሠርግ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ትዝ የሚለኝ ቴፕ ነው። አባቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጥጥ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠቅልሎ፣ ኮሎኝ ነክሮ፣ ካሴቱ የሚያልፍበትን የቴፑን ራስ እንደ ሕፃን ጆሮ ቀስ አድርጎ ይጠርግ ነበር። ለራሱ ኮሎኝ ተቀብቶ አያውቅም።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቴን አይቶ «አቃጠለዎት እንዴ አባባ?» አለኝ። አዎ፣ አቃጠለኝ አልኩት።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንደ ተማረ ሰው አሳምሬ አልጽፍም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በዚያ በደርግ ጊዜ እኛ ቤት «ባንዱ» ከተባለ አንድ ባንድ ብቻ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሶደሬ መዋኛው ዳር፣ ሌላ ጊዜ ላንጋኖ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ እየዞረ ይጫወት ነበር። ሰው የሚያብድለት አንድ ዘፈን ሁለት ቀን አንድ ዓይነት አድርጎ ስለማይጫወት ነው። በተለይ አንድ ዘፈን ነበራቸው፣ እኛ «ረዥሙ» የምንለው፤ ዘፋኙ ትንሽ ብሎ ዞር ሲል ሳክስፎኑ ይቀበለውና፣ ልጓም እንደወለቀለት የጋሪ ፈረስ ሽምጥ ይሄዳል፣ ኦርጋኑ ይከተለዋል፣ ድራሙ ይከተላል፣ በቃ ጠፉ ስትል ዞረው መጥተው የጀመሩበት በር ላይ ይቆማሉ። የካሴቱን አንድ ፊት ጥርግ አድርጎ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ቴፕ ያለው ሁሉ ተሸክሞ ሄዶ ይቀዳል፣ ተመልሶም የአንዱን ከተማ ረዥሙ ከሌላው ከተማ ረዥሙ ጋር ያወዳድራል። ናዝሬት ውስጥ በዚህ ነገር የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

አባቴ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ወረቀቱን ተቀብሏል፤ ማንበቡ ግን አልበረከተለትም። ስለዚህ ከደንበኛ የተረፈ ካኪ ሰፍቶ፣ ኪስ ኪስ አድርጎለት፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ካሴቶቹን እዚያ ይከት ነበር፤ በየኪሱ ላይም የሸሚዝ ቁልፍ ይተክልበታል። አረንጓዴ ቁልፍ ሶደሬ ነው፤ ነጭ ሻሸመኔ፤ ጥቁር ሌላ ዘፈን ነው። እኛ ቤት ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ቁልፉን አይቶ ካሴቱን አይስትም ነበር።

ባዶ ካሴት እንደልብ አይገኝም ነበርና አባቴ ሕግ አወጣ። አዲስ ረዥሙ ሲመጣ ከድሮው ጋር ለየብቻ ይሰማል፤ ሲሰማ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ከዚያ ሦስት ሰው ይፈርዳል፤ ያሸነፈው ይኖራል፣ በተሸነፈው ካሴት ላይ ሌላ ይገለበጣል። በቃ። ፈራጆቹ አባቴ፣ ወንድሜ ታደሰና ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ጋሽ ቶሎሳ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በኦሮምኛ «አካም ቡልታን» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይገባና፣ የወደደውን ካሴት «ጋሪዳ»፣ ጥሩ ነው፣ ይላል፤ ካልወደደ ዝም ብሎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

የሶደሬዋ የተቀዳችው በጋ፣ ያ የናዝሬት ንፋስ አቧራውን እያነሳ ዓይን ውስጥ የሚበትንበት ወራት ነበር። ታደሰ ከአባቴ ጋር የሚሰፋ ትልቅ ልጅ ነበር፤ ቴፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ባትሪ ድንጋዮቹን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ከዘራባቸው በኋላ፣ እኔን አስከትሎ ሄደ። ረዥሙ መሐል ላይ አንድ ጦጣ ከሴትዮ እጅ ዳቦ ነጥቆ ዛፍ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ልጆች ውሃው ውስጥ እየዘለሉ ይገባሉ፤ ሳክስፎኑ ሊመለስ ሲል ደግሞ ታደሰ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨና «ሂድበት! ሂድበት!» ብሎ ጮኸ። ሳክስፎን የሚነፋው ሰውዬም ዓይኑን ከፍቶ አየው፤ ሄደበትም።

ቤት ስንሰማው አባቴ ተናደደ። «ይሄ ልጅ ዘፈኑ መሐል ገብቶ ያፏጫል። ማን ጠራው?»

«አባባ፣ እኔ ባልኖር እኮ እዚያ ድረስ አይሄድም ነበር።»

«አንተ ነህ እንግዲህ የምትነፋለት።»

እማዬ ጥግ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ትስቅ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የሶደሬዋ የሻሸመኔውን አሸነፈች፤ ከዚያ ወዲህ እማዬ ሥራ ሲበዛባት «ያቺን ጉደኛው የሚያፏጭባትን ክፈቱልኝ» ትል ነበር። እኔ ግን አልወደድኳትም። ንጹሕ አይደለችም፣ ሰው ገብቶባታል እያልኩ ከታደሰ ጋር እከራከራለሁ። እሱም «ሰው የሌለበት ዘፈን ከፈለግህ ሬዲዮ አለልህ» ብሎ ጆሮዬን ይጠመዝዘኛል። እሱ በጠመዘዘኝ መጠን እኔ ይብስብኛል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። አባቴ የሰፋለትን ሱሪ ለብሶ፣ ቂጡ ላይ ሰፊ ነው እያለ እያሳቀን ሄደ።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከጋራው ወርዶ ጭቃውን ደጃፋችን ላይ ይደፋው ነበር። አንድ እንደዚያ ያለ ቀን ደብዳቤ መጣ። ቤት ውስጥ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ፤ መምህራችን እንዳስተማሩን ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አባቴ የስፌት መኪናውን ጎማ በእጁ ይዞ አስቁሞ ያዳምጣል፤ እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጣቴን ጣቴን ታያለች። ደኅና ነኝ ይላል፣ ምግቡ ይበቃል ይላል፣ ሱሪው ጠበበኝ ይላል። ከዚያ አንዲት መስመር ላይ ደረስኩ። እንዲህ ትላለች፤ «አባባ፣ የላንጋኖው ቢገኝ እንኳ እኔ ሳልመጣ እንዳትፈርዱ። የሶደሬዋን ጠብቁልኝ። ማሙሽ ይቸኩላል፣ ያዙልኝ።»

ማሙሽ እኔ ነኝ።

ጋሽ ቶሎሳ ታደሰ ሊሄድ ሰሞን፣ የላንጋኖውን አንድ የአክስቱ ልጅ ከባንዱ ማጉያ ላይ በሽቦ ቀጥታ ቀድቶታል፣ የዝንብ ድምፅ እንኳ የለበትም ብሎ ነግሮን ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ይሄንኑ ነው። አሁን ደግሞ እሱ እዚያ ሆኖ ይቸኩላል ይለኛል። ደሜ ፈላ። መስመሯን ዘልዬ፣ ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ የሚለው ላይ ገብቼ ጨረስኩ። ደብዳቤውን አጥፌ አባቴ መቀስ በሚያስቀምጥበት መሳቢያ ከተትኩት።

መስከረም ሲጠባ ጋሽ ቶሎሳ የራሱን ቴፕና የላንጋኖውን ካሴት በእጁ ይዞ መጣ። «ዛሬ ካልሆነ አይሆንም፤ ነገ ሻሸመኔ ጫኝ ነኝ» አለ። አባቴ ኮሎኙን አውጥቶ የሁለቱንም ቴፕ ራስ ጠርጎ ሲያበቃ ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞሮ «ታደሰ ስለ ካሴቱ የጻፈው ነገር የለም?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

«እሱ ዝም አይልም ነበር።»

«የለም አልኩ እኮ አባባ።»

የታደሰን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ የሶደሬዋን ሰማን፤ ፉጨቱ ሲመጣ አባቴ መሬት መሬት አየ። ቀጥሎ የላንጋኖውን ሰማን። ሳክስፎኑ ጆሮህ ሥር የሚተነፍስ ይመስላል፤ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የጠራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ቶሎሳ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ «ይሄ ጋሪዳ» አለ። አባቴ «እኔ የሶደሬዋ» አለ። ያን ሁሉ ጊዜ በፉጨቱ ሲነጫነጭ የኖረ ሰው። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«የላንጋኖው» አልኩ።

አባቴ ሕጉን ያወጣ ሰው ነውና ፍርዱን ተቀበለ። ሁለቱን ቴፖች የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አፍ ለአፍ ገጥሞ፣ በሩን ዘግቶ፣ የላንጋኖውን በሶደሬዋ ላይ ገለበጠው። እማዬ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን፤ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ማሸነፌ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄን አልደብቅም።

በጋው ዞሮ፣ ንፋሱ ተመልሶ፣ አቧራው እንደገና መነሳት ሲጀምር አባቴ ቀበሌ ተጠራ። ከዚያ ተመልሶ ለማንም ሳይናገር የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠና፣ ጨርቅ ሳያስገባ፣ ክር ሳያስገባ ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር። እማዬ ባዶ መኪና ሲሄድ ሰምታ ከጓሮ መጣች። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጻፍ አልፈልግም።

የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ፣ ሰውም ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ እሑድ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «እስቲ ያቺን የሚያፏጭባትን ክፈቱልኝ» አለች።

አባቴ አንዴ እኔን አየኝ። ከዚያ እሱ ተነስቶ፣ ባለ አረንጓዴ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ ካሴቷን አወጣና ከፈታት። የላንጋኖው ሳክስፎን ወጣ፤ የጠራ፣ የታጠበ። እማዬ ጠበቀች፤ ጦጣውን ጠበቀች፣ ውሃውን ጠበቀች። አልመጡም። የላንጋኖው ከሶደሬዋ ትንሽ አጠር ይል ነበርና፣ ዘፈኑ አልቆ ቀጭ ካለ በኋላ የተረፈ ነገር ነበር፤ ያ የሶደሬ ሰው መጨረሻ ላይ ያጨበጨበው ጭብጨባ። አንድ ትንፋሽ የሚያህል፣ ከዚያ ካሴቱ ያልቃል።

«ሌላውስ?» አለች።

«ሕጉ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አላት አባቴ።

እኔ ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አባቴ ባትሪው እንዳያልቅበት ካሴቱን እስክርቢቶ ላይ ሰክቶ በእጁ እያሾረ ጭብጨባው ላይ ያደርስላት ነበር። እሷም ጆሮዋን አስጠግታ «ይቺኛዋ፣ ዘግየት የምትለዋ፣ የሱ ናት» ትላለች። ናት ወይ አይደለችም ማን ያውቃል። አባቴ ሁልጊዜ «ናት» ይላት ነበር። እሱ ዳግመኛ ካሴት አላወዳደረም። ጋሽ ቶሎሳም እየመጣ ይቀመጣል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ጋሪዳ የምትለዋን ቃል ግን እኛ ቤት ሲናገር ዳግመኛ አልሰማሁም።

አባቴ ከሞተ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ እኔም ሽበት አውጥቼ፣ እማዬ ዓይኗ ደክሞ አልጋ ላይ ስትውል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን አምጣው አለችኝ። አመጣሁ። ማንበብ ስጀምር እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«ያኔ የዘለልካትን ነው የምፈልገው» አለች።

ደነገጥኩ። «ምኑን እማዬ?»

«ጣትህ ዘላለች። ፊደል ባላውቅ ጣት አላውቅም?»

አነበብኩላት። የላንጋኖው ቢገኝ እንኳ እኔ ሳልመጣ እንዳትፈርዱ። የሶደሬዋን ጠብቁልኝ። ማሙሽ ይቸኩላል፣ ያዙልኝ። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን በእጇ ዳበሰችው።

«ለካሴት ነው?» አለች።

«ለካሴት ነው።»

«እኔ እኮ ቆስያለሁ ያለ መስሎኝ። እንዳልጨነቅ ብለህ የደበቅህልኝ መስሎኝ፣ በልጅነቱ እንዲህ አሰበልኝ እያልኩ ይሄን ሁሉ ዘመን ስመርቅህ ነው የኖርኩት።»

ምርቃቱን መልሺው አልኳት። ሳቀች፣ አለቀሰችም። «የወጣ ምርቃት አይመለስም፤ ተወው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያው ዓመት አረፈች።

ዛሬ ናዝሬትም አዳማ ተብላ ሰፍታለች፤ የስፌት ቤታችን ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ንፋሱ ብቻ የድሮው ነው። የአባቴ ካኪ እኔ ዘንድ አለ፣ ባለ አረንጓዴ ቁልፉ ኪስ ውስጥም ካሴቷ አለች፤ የሚያጫውታት ቴፕ ግን የለኝም። በቀደም የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ «አባባ፣ ያንተ ባንድ ተገኘ» ብላ ከፈተችልኝ። የላንጋኖው ነው። ያኔ ጋሽ ቶሎሳ ካመጣው ይበልጥ ጠርቷል፤ የሚተነፍስ ነገር የለበትም። እኛ አንዱን ለማኖር አንዱን እናጠፋ ነበር፤ እነሱ ምንም ሳያጠፉ ሁሉንም እዚያች ስልክ ውስጥ ያኖራሉ። ቀጥላ ሌላ ከፈተችልኝ፣ የሻሸመኔ ነው መሰለኝ፣ ሰው የሚጮህበት፣ ጠርሙስ የሚወድቅበት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አሰማችኝ፤ እኔም በአባቴ ሕግ ትንፍሽ ሳልል ሰማሁ።

«እሺ፣ የቱ ይበልጣል?» አለችኝ።

«ወንድሜ ሳይመጣ አልፈርድም» አልኳት።